ሆድ ይፍጀው

ባለፈው ወር በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ ነበርኩ። የዕለቱ መወያያ በ1922 የታተመው የፍራንዝ ካፍካ አጭር ልቦለድ ነበር፤ ራሱን በማስራብ ለሕዝብ ትርዒት የሚያሳየው የዚያ ሰው ታሪክ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ተወያዮቹ በየተራ ተናገሩ። አንዱ ረኃቡ የኪነ ጥበብ ምሳሌ ነው አለ፤ ሌላው የምናኔ ነው አለ፤ ሦስተኛው፣ ዘመናዊው ሰው ከማኅበረሰቡ የመነጠሉ ምልክት ነው ብሎ ረጅም ትንታኔ ሰጠ። ተራው ሲደርሰኝ፣ «ሰውዬው ታሞም ሊሆን ይችላል እኮ» አልኩ። ሳቁ ከየአቅጣጫው መጣ። በዕድሜም በንባብም የምናከብራቸው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ እሱ እኮ የቆነጃጅት በሽታ ነው። ወንድ ልጅ ካልበላ ወይ የለውም፣ ወይ ጾመኛ ነው» አሉ። ውይይቱም ቀጠለ።

እኔ ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቃተኝ። ይህ ጽሑፍ ለጋሼ መልስ ነው፤ አብረው ለሳቁትም ነው፤ ከሁሉም በላይ ለራሴ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዲሁ ስቄ ነበርና። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ጋሼ፣ በመጀመሪያ «የቆነጃጅት በሽታ» ያሉትን እንመርምረው። ሪቻርድ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1689 ስለ ሳንባ ነቀርሳና ሰውነትን ስለሚያመነምኑ ደዌዎች አንድ መጽሐፍ በላቲን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሳንባ ነቀርሳ የተለየ፣ ትኩሳትና ሳል የሌለበት መመንመን የደረሰባቸው ሁለት ሕሙማን አሉ። ዛሬ አኖሬክሲያ የምንለው ሕመም የመጀመሪያዎቹ የሕክምና መግለጫዎች ተብለው የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንደኛዋ የ18 ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ ሕክምናው ሰልችቷት እምቢ አለች፤ በሦስት ወር ውስጥም ሞተች። ሁለተኛውስ? የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ነው፤ የአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ልጅ። ሞርተን የልጁን ሕመም ከጥናት ብዛትና ከስሜቱ መታወክ ጋር አያይዞ፣ ትምህርቱን ትቶ ወደ ገጠር አየር እንዲሄድ፣ ፈረስ እንዲጋልብ፣ ወተት እንዲጠጣ አዘዘው፤ ልጁም በብዙው ተሻለው። እንግዲህ ሕመሙ ወደ ሐኪሞች መጽሐፍ ሲገባ ከሁለቱ በሮች አንዱን የከፈተለት ወንድ ልጅ ነው።

ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1873 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ገል «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» የሚለውን ስም አወጣ። ገል ቀደም ሲል «ሂስቴሪካ» የሚል ቅጽል ይጠቀም ነበር፤ ቃሉ በግሪክኛ ማሕፀን ከሚለው ስም የተገኘ ነው። ሕመሙን በወንዶችም ላይ ስላየው ግን ያንን ቅጽል ጣለው። ነገሩ ያስገርማል፤ ዛሬ የዓለም ሐኪም ሁሉ የሚጠራው ስም ማሕፀንን ከላዩ ያራገፈው፣ ወንዶችም እንደሚታመሙ አውጪው ስለሚያውቅ ነበር። ስሙን ወረስን፤ ምክንያቱን ጣልን።

ልጁ ከመጽሐፉ እንዴት ጠፋ? ማንም በክፋት አልሰረዘውም። ሐኪሙ የሚያገኛቸው አብዛኞቹ ሕሙማን ሴቶች ነበሩና መጠይቁን በሴቶች ልክ ሰፋው። «መቅጠን ትመኛለህን?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት፣ መቅጠንንም መደንደንንም በአንድነት ለሚመኝ ጎረምሳ ምን ይጠቅመዋል? የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ያዘጋጀው የምርመራ መመሪያ ከ1987 ዓ.ም. ዕትሙ ጀምሮ፣ ለአኖሬክሲያ ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ የወር አበባ መቋረጥ ነበር። እርግጥ ነው፣ መመዘኛው ለሴቶች ብቻ መሆኑን መመሪያው ይናገራል፤ ወንድ አይታመምም አላለም። ነገር ግን ያንን ዝርዝር እያነበበ የሰለጠነ ሐኪም በዐይነ ሕሊናው የሚስለው ማንን ነው? መመዘኛው የተነሣው በ2013 ነው። ወደ እኛ አህጉርም ስንመጣ፣ በጋና ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን የሚያስርቡ፣ ምክንያታቸውንም በሃይማኖታዊ ጾም የሚገልጹ ተማሪዎች መኖራቸውን ያሳየ ጥናት በ2004 ታትሟል፤ ደግ ጥናት ነው፤ የተጠኑት ግን ልጃገረዶች ናቸው። ያልፈለጉትን አያገኙም።

ቁጥር የሚወድ አንባቢ ካለ፣ በ2007 የታተመ የአሜሪካ አገር አቀፍ ጥናት እንዲህ ይላል። በሕይወት ዘመናቸው በአኖሬክሲያ የታመሙት ከሴቶች 0.9 በመቶ፣ ከወንዶች 0.3 በመቶ ናቸው። በቡሊሚያ፣ ማለትም በብዛት በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ በማስወገድ፣ ከሴቶች 1.5 በመቶ፣ ከወንዶች 0.5 በመቶ። ራስን መግታት እስኪያቅት በሚያስበላው ሕመም ደግሞ ከሴቶች 3.5፣ ከወንዶች 2 በመቶ። ሴቶች ይበዛሉ፤ ይህን አልክድም፤ የሴቶቹንም ሥቃይ ለማሳነስ አልተነሣሁም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕመሞች ከአራት ሕሙማን አንዱ ወንድ ነው። አኖሬክሲያ ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ለሞት በመዳረግ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚቆም ነው። ከአራት ሰዎች አንዱ ከጣሪያ ሲወድቅ «ይህ የሌሎቹ መውደቅ ነው» ብሎ የሚስቅ ሰው ምን ይባላል?

አሁን ወደ ራሴ ሳቅ ልመለስ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ዶርም ስምንት ሆነን እንኖር ነበር። ከስምንቱ አንዱ፣ ስሙን አልጽፍም፣ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል፣ ከሁላችን ትጉሁ ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ ይህ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነበር። ከዚያ እስከ ማታ ሆነ። ከዚያ ዳቦና ሻይ ብቻ ሆነ። ፋሲካ መጣ፤ ሁላችንም ፈሰክን። እርሱም ከእኛ ጋር ተቀምጦ በላ፤ በኋላም ብቻውን ወጣ፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ዐይኑ ቀልቶ ነበር። «ሆዴ አልለመደልኝም» አለን፤ አመንነው። በዓለ ኀምሳ ገባ። አንባቢ እንደሚያውቀው በእነዚያ ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እርሱ ግን ረቡዕም፣ ዓርብም፣ ሰኞም ካፌ አይወርድም። «ስእለት አለብኝ» ይላል። እኛም «አባ» የሚል ስም አወጣንለት። ምሳ በልተን ስንመለስ በሩ ላይ ጎንበስ እያልን «አባ፣ ይባርኩን» እንለው ነበር። ሁላችንም እንስቅ ነበር። እርሱም ይስቅ ነበር። ስሙን ወዶት ነበር፤ መሸሸጊያ ሰጥተነዋልና።

ሰኔ ላይ በፈተና መካከል ወደቀ። ተሸክመን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። የሳንባ ነቀርሳ ተመረመረ፤ የለበትም። ኤች አይ ቪ ተመረመረ፤ የለበትም። ሰገራው ታየ፤ ደሙ ታየ። በመጨረሻ ሐኪሙ ቫይታሚን አዘዘለትና «ጎበዝ፣ ተመገብ እንጂ!» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ሰውነቱን በመስታወት ሲያየው ምን እንደሚታየው፣ እህል ሲቀርብለት ለምን እንደሚፈራ የጠየቀው አልነበረም። ሐኪሙን አልከስም፤ በተማረበት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ልጅ አልነበረም። ሞርተን በ1689 ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም ብሎ ቆም ያለበት ቦታ ላይ እኛ ሁላችን፣ ሰባት ጓደኛሞችና አንድ ሐኪም፣ ዝም ብለን አለፍን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። ልጅ ሳለ ወፍራም ነበር፤ በሰፈሩ «ዱባ» ይሉት ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለ፣ ሦስት ሹራብ ደራርቦ በላብ እስኪጠመቅ ይሮጥ ነበር። በኪሱ በያዛት ማስታወሻ ደብተር እያንዳንዷን ጉርሻ ይመዘግብ ነበር። ስእለት የሚባል ነገር አልነበረም።

ጾምን እየነካሁ አይደለም፤ እኔም ጾሜን እጾማለሁ። ጾም መያዣም መፍቻም አለው። ከሰው ጋር ይያዛል፤ ከሰው ጋር ይፈታል፤ ዶሮውም እንቁላሉም በአንድ ሌሊት በአንድ ማዕድ ይቀርባል። ጓደኛዬን የያዘው ነገር ግን ፋሲካ የለውም። ሁለቱን መለየት ለሚፈልግ ሰው ከበዓለ ኀምሳ የተሻለ መስፈርት አላውቅም፤ እኛ በዐይናችን እያየነው አለየነውም።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ልምጣ፤ የዚህ ገጽ አንባቢ ጉዳዩ እርሱ ነውና። የእኛ ወገን፣ የመጻሕፍት ወዳጆች ወገን፣ በዚህ ነገር ከሐኪሞቹ የበለጠ ዕዳ አለበት ባይ ነኝ። ሴት ስትራብ ሕመም እንላለን፤ ወንድ ሲራብ ትርጓሜ እንፈልጋለን። የሜልቪል ጸሐፊ ባርትልቢ በ1853 ከእስር ቤት ግድግዳ ሥር እህል እምቢ ብሎ ሲሞት፣ ሞቱ ስለ ሥራና ስለ ካፒታል የሚናገር ምሳሌ ተደርጎ ስንት ጊዜ ተነበበ! ባይሮንን እንውሰድ። በለንደን የአንድ ወይን ነጋዴ ሱቅ ትልቅ ሚዛን ነበር፤ የከተማይቱ ታላላቅ ሰዎች እዚያ እየተመዘኑ ክብደታቸው በመዝገብ ይሰፍር ነበር። ባይሮን በ1806 ወደ 88 ኪሎ ይመዝን የነበረው በ1811 ወደ 57 ኪሎ ወርዶ ተገኘ። ብስኩትና የሶዳ ውኃ፣ ወይም በኮምጣጤ የራሰ ድንች ምግቡ ነበር፤ ላብ እንዲያወጣው ልብስ በልብስ ላይ ደርቦ ይንቀሳቀስ ነበር። ይህን ሳነብ የጓደኛዬ ሦስት ሹራቦች ትዝ አሉኝ። ባይሮንን ዛሬ መርምሮ ታሟል አልታመመም የሚል ሐኪም የለም፤ እኔም አልልም። የምለው፣ ያ መገርጣትና ያ ክሳት የገጣሚነት መልክ ተብሎ በመላው አውሮፓ መወደሱን ነው። ወጣቶች የቀዱት ግጥሙን ብቻ አልነበረም።

ካፍካስ? በሕይወቱ ስለ ምግብ እጅግ ይጨነቅ ነበር፤ ሥጋ ትቷል፤ እያንዳንዱን ጉርሻ አላምጦ አላምጦ ይውጥ ነበር። በ1987 አንድ የጀርመን የአእምሮ ሐኪም፣ ካፍካ አኖሬክሲያ ነበረበት የሚል ጽሑፍ አሳትሟል። ልንቃወመው እንችላለን፤ መልስ ልንሰጠው እንችላለን፤ መሳቅ ግን መልስ አይሆንም። በ1924 የሳንባ ነቀርሳው ወደ ጉሮሮው ወጥቶ መዋጥ ተስኖት ሲሞት፣ በአልጋው ላይ ያርመው የነበረው የዚያን የተራበ ሰው ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ ማረሚያ ቅጂ ነበር። በልቦለዱ መጨረሻ ሰውዬው ሊሞት ሲል ለተቆጣጣሪው የሚነግረውን አስታውሱ። ልታደንቁኝ አይገባም ይላል፤ የሚጥመውን ምግብ ስላጣ እንጂ ቢያገኝ እንደማንም ሰው በልቶ ይጠግብ ነበር። ጋሼ፣ ሰውዬው ራሱ አታድንቁኝ ብሏል። እኛ በውይይታችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናደንቀው ዋልን።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። የቆሎ ተማሪው ረኃብ የዕውቀት ዋጋ፣ የባሕታዊው ረኃብ የጽድቅ መንገድ፣ የአርበኛው ረኃብ የጀግንነት ምስክር ሆኖ ሲተረክ ሰምተን አደግን። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ክብሮች ናቸው። ነገር ግን ክብር ብቻ ባለበት ቤት የታመመው ልጅ የት ይግባ? ቋንቋችን ራሱ ለወንድ ልጅ ሆድ አይራራም። «ሆዳም» ስንል መብላት መውደዱን ብቻ አይደለም የምንሰድበው፤ ባንዳነቱን፣ አድርባይነቱን ነው። «ለሆዱ ያደረ» ከተባለ ሰው ምን ክብር ተረፈው? በሌላ በኩል ደግሞ ምሥጢርን፣ ብሶትን፣ ቂምን፣ እንባን ሁሉ እዚያው ሆድ ውስጥ እንዲከት እናስተምረዋለን። ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ሆድ ይፍጀው። እህልን ወደ ሆዱ ማስገባት የሚያሳፍረው፣ ኀዘንን ከሆዱ ማውጣት የሚያሳፍረው ልጅ፣ በዚያ ሆድ ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? ለሕመሙ የምንሰጠው ስም እንኳ የለንም። «የአመጋገብ መዛባት» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃል ጎመንና እንቁላል ማጣትን ነው የሚያስታውሰን። ከጋሼ ትውልድ ቃል የሚያወጣ ብርቱ ጸሐፊ ቢነሣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር ያሳቅቀኛል። የተራበ አእምሮ ምን እንደሚሆን ዓለም የሚያውቀው በአብዛኛው ከወንዶች ነው። በ1944 መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት፣ በሕሊናቸው ምክንያት ጦር ሜዳ አንዘምትም ያሉ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ሰበሰበ፤ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በጦርነት የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ፣ በ1945 ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ራት አኖራቸው። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ጤነኛ፣ ደስተኛ፣ የተማሩ ልጆች ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ስለ ምግብ ብቻ የሚያልሙ፣ የወጥ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡ፣ ትንሿን ቁራሽ ቆራርጠው ለሰዓታት የሚያቆዩ፣ ከሰው የሚሸሹ፣ የሚነጫነጩ ሆኑ፤ ምግቡ ሲመለስላቸውም አንዳንዶቹ መጥገብ አቃታቸው። ዛሬ ስለ አኖሬክሲያ የሚጽፍ ሐኪም ይህን ጥናት ሳይጠቅስ አያልፍም ማለት ይቻላል። የወንዶቹን ገላ ወስደን የልጃገረዶቹን ሕመም ተረዳንበት፤ ይሁን፣ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ዞር ብለን ወንድ ልጅ በዚህ አይታመምም አልን።

በየጂሙ ስለሚደክሙት ልጆች ጥቂት ልበል፤ ብዙ አላውቅም፤ የማየው ግን ያስጨንቀኛል። ሃሪሰን ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1993፣ ግዙፍ ሆነው ሳሉ ራሳቸውን ቀጭጨው ስለሚያዩ ብረት አንሺዎች ጻፉ፤ ሕመሙን መጀመሪያ «የተገለበጠ አኖሬክሲያ» ብለውት ነበር። በ1999 ደግሞ የወንዶች ልጆችን መጫወቻ አሻንጉሊት ወታደሮች ለኩ። ጂ.አይ. ጆ የተባለው አሻንጉሊት ቁመቱ እንደ ጎልማሳ ሰው ቢሆን፣ በ1964 የተሠራው የክንዱ ዙሪያ 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወጥቶ በነበረው ዓይነት ግን 68 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። ብዙ ሰው ወገቡ ያንን ያህል ነው። የእህቶቻችንን አሻንጉሊት ቅጥነት ለዓመታት ስንወቅስ የወንድሞቻችንን ማንም አልለካም ነበር።

በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ለውድድር ክብደታቸውን ለመቀነስ በሞቀ ክፍል ውስጥ ላብ የማያስወጣ ልብስ ለብሰው እየሠሩ፣ ውኃም እየከለከሉ ራሳቸውን አድርቀው ነበር። ሴት ልጅ ብትሆን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ምን ሆነሻል?» የሚላት ባልጠፋ፤ እነርሱን ግን አሠልጣኙም ጓደኛውም «ዲሲፕሊን አለው» ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች፣ በቂ ባለመመገብ የሚመጣው የአጥንትና የሆርሞን ጉዳት ወንድ ስፖርተኞችንም እንደሚነካ በይፋ የጻፉት በ2014 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ የሚታወቀው «የሴት ስፖርተኞች ሦስትዮሽ» ተብሎ ነበር። በሩጫ ስሟ የሚጠራ አገር ልጆች ነን፤ ይህን ወሬ ከሌላው ቀድመን መስማት ነበረብን።

የሚናገር ወንድ ሲገኝስ ምን እናደርጋለን? የብሪታንያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጆን ፕሬስኮት በ2008፣ ለዓመታት በቡሊሚያ ሲሠቃዩ መኖራቸውን ተናገሩ። ወፍራም፣ ኃይለኛ፣ ከመርከብ አስተናጋጅነት ተነሥተው ሥልጣን ላይ የደረሱ ሰው ነበሩ። ጋዜጦቹ ቀለዱባቸው፤ ቡሊሚያ ቢኖርባቸው እንዲህ ይወፍሩ ነበር ወይ ተባለ። ሰውዬው ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የመጠባበቂያው ክፍል በወጣት ሴቶች ተሞልቶ ብቸኛው ወንድ እርሳቸው ነበሩ። ያንን ክፍል ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የአገር ምክትል መሪ ያፈረበትን በር አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በምን ጉልበቱ ያንኳኳዋል?

እንግዲህ ጋሼ፣ ከእርስዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ የማይበላ ወንድ በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኙ፣ ምን ይወክላል ከማለትዎ በፊት፣ ራበው ወይ? ታመመ ወይ? ብለው ይጠይቁልኝ። ምሳሌነቱ የትም አይሄድም፤ ከዚያ በኋላ እንደርስበታለን። በቤትዎም ከማዕድ የሚሸሽ የልጅ ልጅ ቢኖርዎት «ጨዋ ነው፣ ሆዱን አይወድም» ብለው ከማመስገንዎ በፊት እንዲሁ ይጠይቁት። «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ብቻውን አይበቃም፤ ለጓደኛዬ እናቱ ስንት ጊዜ ሞታቸውን ጠርተዋል! እርሱም አፉ ውስጥ ይዞ ወጥቶ ይተፋው ነበር። ሕመሙ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፤ በተለይ ለታዳጊዎች ቤተሰቡን ይዞ የሚሰጠው ሕክምና በለንደን በ1980ዎቹ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ልጆችን ወደ ማዕድ መልሷል። የደረሱበት ግን ተጠይቀው ነው።

ጓደኛዬ ዛሬ በሰው አገር ይኖራል። የሕመሙን ስም የሰማው እዚያ ነው፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውዬ የጋሼን ቃል ነገርኩት፤ ይህን ጽሑፍ ለማውጣትም ፈቃዱን የጠየቅኩት ያን ጊዜ ነው። አልተቆጣም። «ምን መለስክላቸው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውይይቱ አለቀ፤ አንድ ላይ ምሳ በላን።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ «ምን በላችሁ?» አለኝ። አንድ በአንድ እየዘረዘርኩ ነገርኩት።